የሾሪ ወንዝ ደራሽ

ኢንጂነር ሰብሃት በሾሪ ወንዝ መሻገሪያ ሞቶ የተገኘው ጳጉሜ እየተገባደደ፣ ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ በግና ዶሮ በሚያማርጥበት ሰሞን ነው። ከንጋት ጀምሮ የቦንጋ ዓይነት ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ፋታ የማይሰጥ፣ ሟችንም ገዳይንም እኩል የሚያጥብ። ሰውየው ሁለት ድንጋዮች መሃል በደረቱ ተደፍቷል። አንድ እጁን ውሃው እያነሳ ይጥለዋል። ከብት ሊያሻግር የወረደ ገበሬ ነው ያየው፤ አይቶም «ደግሞ ሌላ ወሰደ!» ብሎ ጮኸ። ሾሪ ሰው መውሰድ የጀመረው ዛሬ አይደለምና።

ዋና ኢንስፔክተር ዙፋን ወልደ ጊዮርጊስ መኪናውን ጭቃ ሲይዘው የቀረውን መንገድ በእግሯ ወረደች። ዙፋን ቦንጋ ተወልዳ ቦንጋ ላይ ሽበት ያወጣች፣ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ሰው ስትመረምር ስለ ጉልበቷ ማማረር ትወዳለች። ተመርማሪው ሊያጽናናት ሲሞክር ያላሰበውን ይናገራል። በዚህ መንገድ ወህኒ የወረዱ ሩኅሩኅ ሰዎች ብዙ ናቸው።

«ጎርፍ ነው አሉ፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅን ለገሰ፣ ቆቡን በላስቲክ ሸፍኖ።

«ማን ነው ያለው?»

«የተፋሰስ ፕሮጀክቱ ቢሮ። ሟቹ የእነሱ መሐንዲስ ነው። ደውዬ ስነግራቸው፣ ኮምፒውተሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚህ ደራሽ ውሃ መዝግቧል አሉኝ።»

«ትናንት? ትናንት እኮ ጸሐይ ነበር።»

«ቦንጋ ላይ ነው ጸሐይ የነበረው። ሾሪ የሚነሳው ከሺሺንዳ በላይ ነው። እዚያ ከዘነበ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶም ውሃው ይመጣል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ የመሻገሪያውን ጠባቂ፣ አምባውን ይዣለሁ።»

ከመሻገሪያው ዳር ሁለት ነገር ቆሟል፤ ቁጥር የተቀባ ረጅም ብረት፣ ከጎኑም የቆርቆሮ ሳጥን። ሳጥኑ የውሃውን ከፍታ በስልክ ኔትወርክ ቦንጋ ወዳለው ኮምፒውተር ይልካል። ኮምፒውተሩ ይህን ከላይኛው አገር ዝናብ ጋር አገናዝቦ፣ ውሃው ነገ የት እንደሚደርስ ብቻ ሳይሆን በልጅ ልጆቻችን ዘመን ምን ያህል እንደሚተርፍ ይናገራል ይባላል። አምባው የዚህ መለኪያ ጣቢያ ጠባቂ ነው። ቢሮው «ውሃ እየመጣ ነው» ብሎ ሲደውልለት መሻገሪያው ላይ ወጥቶ ሰው ማስቆም ሥራው ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ውሃው መጣና ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን መሃል ወንዝ ላይ አገኛቸው። ከእነሱ አንዷ የአምባው ሚስት አስካለማርያም ነበረች። አምባው ስልክ አልተደወለልኝም ይላል። መንደሩ ሰክሮ ነው ይላል። አጣሪ ኮሚቴ መጥቶ፣ ኮምፒውተሩን አይቶ፣ «ያልታሰበ ከባድ ዝናብ ነው» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አምባውን ደፍሮ ሰላም የሚለው የለም።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጣላ ጎረቤት ሰምቷል» አለ ለገሰ። «ውሻ ለቆበታል አሉ።»

ዙፋን እያቃሰተች አጎነበሰችና የሟቹን ማጅራት አየች። አጥንቱ ገብቷል። ዳርቻውንም ዞር ዞር ብላ ተመለከተች፤ የንጋቱ ዝናብ ወንዙን ከፍ አድርጎት ሣሩ ሁሉ ተኝቷል። የትናንቱን ከዛሬው መለየት የሚቻል አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለላት።

«ሳንባው ውስጥ ውሃ የለም። ወንዙ ውስጥ ሳይገባ፣ ከኋላ ተመቶ ነው የሞተው። የሞተውም ትናንት ነው።»

«ውሃ ያመጣው ግንድ ሊሆን ይችላል?»

«ደራሽ ከነበረ ግንዱም ድንጋዩም አለ፤ ዳር እንደቆመ ሊመታው ይችላል። ደራሽ ካልነበረ ግን የመታው ሰው ነው።»

ነገሩ በዚህ በአንዲት ጥያቄ ላይ ቆመ። ደራሽ ከነበረ አምባው ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ካልነበረ ከእሱ ቀድሞ የሚጠየቅ ሰው የለም። ዙፋንም ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄዳ ከእስረኛው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ አምባው፣ ትናንት ውሃው መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም።»

«ያስቡበት። ቢሮው መጥቷል እያለ ነው። እርስዎም መጥቷል ካሉ ነጻ ነዎት።»

አምባው ረጅም፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው። ቀና ሳይል መለሰላት።

«እትዬ ዙፋን፣ ቤቴ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። አልመጣም። አምና በእኔ ላይ ተዋሸ። ዘንድሮ ደግሞ እኔው ራሴ ልዋሽ?»

«ሰብሃት ምን ሊልዎት ነበር የመጣው?»

«አልሰማሁትም። ‹ስለ አስካለ የምነግርህ አለ› ሲለኝ ደሜ ፈላ። የቢሮ ሰው ስሟን ሲጠራ መስማት አልችልም። ኮሚቴው መጥቶ ስሟን ጽፎ ሄደ፤ ምን አመጣልኝ? ውሻውን ፈታሁበት፤ በሩን ዘጋሁ።»

«ከዚያስ?»

«ስልክ እያናገረ ወደ ወንዙ ወረደ። በመስኮት አየሁት። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

«ማን ያምንዎታል ይላሉ?»

«ማንም። አምናም ማንም አላመነኝም።»

ዙፋን ጉልበቷን እያሸች ተነሳች። ይህ ሰው ራሱን የሚያድንበትን ውሸት በነጻ ሰጥተውት አልፈልግም አለ። ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ እውነተኛ ነው፤ ሁለቱም በእሷ ሙያ ብዙ አይገጥሟትም።

የፕሮጀክቱ ቢሮ ከገበያው በላይ፣ ባጃጅ ሲወጣው በሚያቃስት ዳገት ላይ ነው። ሃላፊው አቶ አብርሃም ወፍራም፣ ተጨናቂ፣ ቢቆጣም ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ከበዓል በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጡበታል።

«እባክዎ ኢንስፔክተር፣ ነገሩ በአደጋነቱ ቢዘጋ ለሁላችንም ይሻላል።»

«ለሟቹም?»

አቶ አብርሃም ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች መደርደር ያዘ።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ቤቴ። የጽዋ ማኅበሩ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ከቅዳሴ መልስ እስኪመሽ ድረስ ቤቱ በሰው እንደተሞላ ነው። ባለቤቴማ ግቢውን በሳፋ ሞልታው ሰው መተላለፊያ አጥቶ ዋለ።»

«ሳፋዎቹስ ምን ሆኑ?»

«ባዶአቸውን አነሳቻቸው። እስካሁን ሰማይን እንዳኮረፈች ናት።»

ዙፋን ሳቀች። ከዚያ አቶ አብርሃም ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ወሰዳት። ዶክተር አብዮት እዚያ ይጠብቃታል፤ ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሁሉም ሞዴሉ የሚሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው።

«ከላይ ግድብ አለን» አላት። «ሞዴሉ መቼ ውሃ እንደምንይዝ፣ መቼ እንደምንለቅ ይነግረናል። የሚመጡት ዓመታት ደረቅ ይሆናሉ፣ ኢንስፔክተር። ደኑ እየሳሳ፣ ዝናቡ እየተዛባ ነው። ዛሬ ያልያዝነውን ውሃ ልጆቻችን ይጠይቁናል። ይህን የሚሰማኝ ግን ብዙ አላገኘሁም።»

«እስቲ የትናንቱን ያሳዩኝ።»

«ይኸው፣ ሴፕቴምበር ስምንት። ሺሺንዳ ላይ ከባድ ዝናብ። ከዚያ እዚህ፣ መሻገሪያው ላይ ውሃው ይነሳል።» ስክሪኑ ላይ ሰማያዊዋ መስመር ሽቅብ ወጥታ ቀስ እያለች ትወርዳለች።

«የሺሺንዳውን ዝናብ የሚለካው ማን ነው?»

«የእዚያው መሣሪያ ተበላሽቷል። አንድ መምህር ለክቶ ይደውላል፤ ከእኛ አንዳችን በእጅ እንጽፈዋለን። መምህሩ አሁን ለእረፍት አገሩ ሄዷል ይመስለኛል፤ ስልኩ አይሠራም።»

«ታዲያ ትናንት ማን ጻፈው?»

«ሰብሃት መሆን አለበት። ከሌላ ሰው ሰምቶ ዝናቡን ጻፈ፤ ከዚያ ውሃውን በዓይኑ ሊያይ ወረደ። ወርዶም...»

«ኮምፒውተሩ ማን እንደጻፈው አይናገርም?»

«ሁላችንም የምንገባው በአንድ የይለፍ ቃል ነው።»

የይለፍ ቃሉ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ተጽፎ ከስክሪኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«ሚስጥሩ ይሄ ነው?» አለች ዙፋን።

«ሰው እየረሳው ስላስቸገረ ነው» አለ አቶ አብርሃም ፈገግ እንዳለ።

«ዶክተር፣ ሰብሃትን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

«ሴፕቴምበር ሰባት። እዚሁ ቢሮ።»

«በእኛ ስንት ማለት ነው?»

ዶክተር አብዮት ስልኩን አውጥቶ ተመለከተ። «ጳጉሜ... ሁለት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ውሎ አዳሬ ከዚህ ማሽን ጋር ስለሆነ የአገሬን ቀን ረስቼዋለሁ።»

«እኔንም ጉልበቴ ባያስታውሰኝ ክረምትና በጋውን አለየውም ነበር» አለች ዙፋን።

ሊወጡ ሲሉ ዶክተሩ በሩ ላይ አቆማት። «አምባውን ለምን ይዛችሁታል? ሚስቱን ያጣ ሰው ነው። ጎርፉ እኮ እዚህ ተመዝግቧል። እባክዎ ልቀቁት።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዙፋን ብዙ የውሸት እንባ አይታለች፤ ይህ የውሸት አልነበረም። ያስጨነቃትም እሱ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ወንጌላዊትን አገኘቻት። ወንጌላዊት በኮምፒውተሩ ላይ መረጃ የምታስገባ የሺሺንዳ ልጅ ናት። ለበዓሉ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ ሳለ የሰብሃትን ሞት ሰምታ በዛሬው የጠዋት ሚኒባስ ተመልሳለች። ፊቷ በልቅሶ አብጧል።

«ሰሞኑን ሰብሃት ምን ይሠራ ነበር?»

«የአምናውን ጎርፍ እንደገና እያየ ነበር። ‹ያን ቀን ሺሺንዳ ላይ ዘንቦ ነበር ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅኩበት። ነሐሴ ላይ የቱ ቀን እንደዘነበ ማን ያስታውሳል?»

«ሳጥኑ የሚልከው ቁጥር በእጅ መታረም ይችላል?»

«ይችላል። ቅጠል ሲይዘው እናርመዋለን። ግን ያለ ዝናብ ውሃው ተነሳ ብለሽ ብትጽፊ ሞዴሉ አይቀበልሽም፤ ቀይ ያበራል። ዝናቡንም አብረሽ መጻፍ አለብሽ።»

ዙፋን ግድግዳውን ተደግፋ አቃሰተች።

«ይህ ጉልበት ይገድለኛል። እናንተስ ሺሺንዳ እንዴት ዋላችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ልጆቹ ታመዋል» አለች ወንጌላዊት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እኛ ፕሮቴስታንት ነን፤ በቤታችን ሩፋኤል አይከበርም። የእህቴ ልጆች ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ቆመው ዋሉ። ጉንፋን ይይዛቸዋል ብለን ስንፈራ ጸሐይ መታቸው።»

«አይዞሽ፣ እህትሽ እንስላል አፍልታ ታጠጣቸው» አለች ዙፋን። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቷ አንድም ቃል ሳትናገር ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ ለገሰ የሟቹን የስልክ ጥሪዎች ከስልክ መሥሪያ ቤቱ አጣርቶ መጣ። ሰብሃት በመጨረሻው ቀን ሁለት ሰው ደውሎ አነጋግሯል። የመጀመሪያው ወርቅአፈራሁ የሚባል የግድቡ በር ጠባቂ ነው። ዙፋን ራሷ ደወለችለት።

«ኢንጂነሩ ምን ፈልጎ ነበር?»

«አምና ነሐሴ ላይ በሮቹን ሁሉ ባንዴ ክፈት ብሎ ያዘዘኝን ሰው ስም።»

«አምና በሩ ተከፍቶ ነበር እንዴ? ኮሚቴው ዝናብ ነው ያለው።»

«ግድቡ ሞልቶ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። በሰኔ እንክፈት ብል አይሆንም ተባልኩ፣ በሐምሌም አይሆንም ተባልኩ፤ ከዚያ በአንድ ቀን ሁሉንም ክፈት።»

«ታዲያ ለምን ለኮሚቴው አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ኮምፒውተሩን አይተው ሄዱ።»

«ከትናንት በስቲያስ በሩ ተከፍቷል?»

«አልተነካም።»

«ያዘዘህን ሰው ስም ንገረኝ። ከዚያም የመጀመሪያውን መኪና ያዝና ቦንጋ ና።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በቢሮው አዳራሽ ተሰበሰቡ። አቶ አብርሃም የጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ዶክተር አብዮት፣ ማዶ ወንጌላዊት። ወርቅአፈራሁ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ይዟል። ሳጅን ለገሰ አምባውን በካቴና አምጥቶ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። ሌላው ሁሉ ከአምባው ፊቱን አዞረ፤ ዶክተር አብዮት ብቻ በአንገቱ ሰላም አለው።

ዙፋን አልተቀመጠችም።

«ሐኪሙ ነገሩን አቅልሎልኛል» አለች። «ደራሽ ከነበረ የገደለው ወንዙ ነው፤ ካልነበረ ሰው ነው ብሎኛል። ስለዚህ ገዳይ አልፈለግሁም። ውሃ ነው የፈለግሁት። ሾሪ የሚሞላው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ግድቡ ይከፈታል፣ ወይ ሺሺንዳ ላይ ይዘንባል። ግድቡ አልተከፈተም፤ ጠባቂው ይኸው። የቀረን ዝናቡ ነው። ኮምፒውተሩ ሺሺንዳ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ ይላል። አቶ አብርሃም፣ ሰብሃት የሞተ ዕለት እርስዎ ቤት ጽዋው የማን ነበር?»

«የሩፋኤል ነዋ። ጳጉሜ ሦስት አይደል?»

«ባለቤትዎ ሳፋ የደረደረችው ለምንድን ነው?»

«የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው። ማን ያሳልፈዋል? ዘንድሮ ግን አንድ ጠብታ...» አቶ አብርሃም ሊዘጋው የረሳው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ።

«ወንጌላዊት፣ ሺሺንዳስ?»

«ኧረ አልዘነበም!» ወንጌላዊት ከወንበሯ ተነሳች። «ኮምፒውተሩ ዘነበ ነው የሚለው? እኔ እዚያው ነበርኩ። የከተማው ልጅ ሁሉ ራቁቱን ደጅ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዋለ። ዝናቡ የመጣው በማግስቱ ነው።»

«ነሐሴ ላይ የዘነበበትን ቀን ማንም አያስታውስም፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። በዓመቱ ውስጥ አገር ሁሉ አንጋጦ ዝናብ የሚጠብቅበት ቀን ግን አንድ ነው። ልጅ፣ ሽማግሌ፣ የሚያከብረውም የማያከብረውም ዘነበ አልዘነበም ብሎ ይነጋገርበታል። በዚያ ቀን ያልዘነበ ዝናብ መጻፍ በገበያ መሃል ቆሞ ገበያው የለም እንደማለት ነው። ይህን የጻፈ ሰው ቀኑን አላወቀውም። እንግዲህ በዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ሚስጥር የሚያውቁ አራት ሰዎች ናቸው። ሰብሃት አልጻፈውም፤ እሱ የሐሰት ዝናብ የጻፈ ሰው ሲፈልግ ነው የሞተው። ወንጌላዊት ሺሺንዳ ቆማ ጸሐዩን እያየች አትጽፈውም። አቶ አብርሃም ሩፋኤልን ደግሶ ሲያበላ ነው የዋለው፤ ሰማይን ያኮረፈች ሚስት ያለችው ሰው ይህን አይሳሳትም። አንድ ሰው ቀረ። ለእሱ ቀኑ ሩፋኤል አልነበረም። ሴፕቴምበር ስምንት ነበር።»

ዶክተር አብዮት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይመለከታቸዋል።

«ይህ ግምት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እስካሁን ግምት ነበር። ሰብሃትን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርኩት ጳጉሜ ሁለት ነው ብለውኛል። ሰብሃት ግን በሞተበት ዕለት ከጋሽ አምባው ደጅ ተባሮ ወደ ወንዙ ሲወርድ ስልክ ሲያነጋግር ታይቷል። የደወለው ለእርስዎ ነው። ወርቅአፈራሁ፣ አምና በሮቹን ሁሉ ክፈት ያለህ ማን ነው?»

«ዶክተሩ ናቸው» አለ ወርቅአፈራሁ ከጥግ።

«ያኔም ዝናብ ጽፈዋል» አለች ዙፋን። «ነሐሴ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። አንዴ የሠራልዎትን ደገሙት።»

አምባው ካቴናው እየተንቃጨለ ከወንበሩ ተነሳ። ለገሰ ትከሻውን ያዘው፤ አምባው ግን ወደ ማንም አልሄደም።

«አስካለን... ዝናብ አይደለም?» አለ።

ዶክተር አብዮት ቀና ብሎ አየው። መካድ ይችል ነበር፤ እስካሁን የመጣበት መንገድ ሁሉ ክህደት ነው። የሰውየው ፊት ግን አላስቻለውም።

«ዝናብ አይደለም፣ ጋሽ አምባው። እኔ ነኝ። ሞዴሉ መጪዎቹን ዓመታት ደረቅ ናቸው ስላለኝ ውሃውን እስከመጨረሻው ያዝኩት። ግድቡ ሊፈርስ ሲደርስ ልልቀቅ አልኩ። መሻገሪያው ላይ ምን ያህል ይደርሳል ብዬ ጠየቅሁት፤ ከጉልበት አያልፍም አለኝ። አመንኩት። ስለዚህ አልደወልኩልህም። አንተ አልሰከርክም፤ ስልክህም አልጮኸም። በማግስቱ አስከሬኖቹ ሲወጡ ዝናብ ጻፍኩ።»

«ሰብሃትስ?» አለች ዙፋን።

«አወቀብኝ። ግን ለፖሊስ አልሄደም። ለእኔ ነው የነገረኝ። ‹መጀመሪያ አብረን አምባው ቤት ሄደን እግሩ ላይ እንውደቅ፤ ከዚያ አንተው ራስህ ትናገራለህ› አለኝ። እኔ ዘገየሁ። ሳልደርስ ብቻውን ሞክሮ ተባሮ ነበር። ወንዙ ዳር አገኘሁት። ከበዓል በኋላ እንናገር፣ እንግዶቹ ይምጡና ይሂዱ፣ ሥራው ሁሉ ይጠፋል ብዬ ለመንኩት። ‹ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሚስቴን ገደልኩ ብሎ ማደር የለበትም› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ዳገቱን ወጣ። ተመልሶ በሩን ሊያንኳኳ። ድንጋይ አነሳሁ። አስከሬኑን ጎትቼ ውሃው ላይ ጣልኩት፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ደራሹን ጻፍኩ። አምባው በእሱ ነጻ ይወጣል ብዬ ነበር። በእውነት ነው የምለው፣ አንተ እንድትያዝ አልፈለግሁም።»

ወንጌላዊት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ታለቅሳለች። ለገሰ ካቴናውን ከአምባው እጅ ፈትቶ ዶክተሩ እጅ ላይ አሰረው፤ ይዞትም ወጣ። ዶክተሩ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ አምባውን ተመለከተ። አምባው አላየውም።

ሁሉም ሲበተን አምባው እዚያው መስኮቱ ሥር ቀርቷል። ዙፋን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ነጻ ነዎት፣ ጋሽ አምባው። ከሁለቱም ነገር ነጻ ነዎት። መንደሩ እንዲሰማው እኔ ራሴ እሑድ መጥቼ በጉባኤ እናገራለሁ።»

አምባው የታሰረበትን አንጓውን እያሸ ቆየ።

«ሊነግረኝ የመጣው ይህን ነበር?»

«አዎ።»

«ጥፋቱ የአንተ አይደለም ሊለኝ።»

«አዎ፣ ጋሽ አምባው።»

«ዓመት ሙሉ ይህን የሚለኝ ሰው ናፍቄ ነበር። ሌሊት ሌሊት እግዜርን አንድ ሰው ላክልኝ እለው ነበር። ላከልኝ። እኔ ደግሞ...» ዙፋን ‹አላወቁም ነበር› ልትለው አሰበችና ተወችው፤ እሱም ያውቀዋል፣ አይጠቅመውም።

«አስከሬኑ የት ነው?» አላት አምባው።

«ዛሬ ጠዋት ወንድሞቹ መጥተው ወሰዱት። ወደ ደብረ ብርሃን። እናቱ እዚያ ናት።»

«መቼ ይቀበራል?»

«በዘመን መለወጫው ዕለት ይመስለኛል። ሩቅ አገር ነው፣ ጋሽ አምባው። ለቀብሩ አይደርሱም።»

«ለቀብሩ አይደለም» አለ አምባው እየተነሳ። «እናቱ ልጇ ለምን እንደሞተ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ኮሚቴ እንዲነግራት አልፈልግም። እኔ ነኝ የምነግራት፤ ውሻውንም ጭምር።»

ዙፋን እስከ መናኸሪያው ድረስ አብራው ሄደች። ከጅማ የመጣው አውቶቡስ ለበዓል አገራቸው የሚገቡ ሰዎችን ከዶሮና ከሽንኩርታቸው ጋር እያራገፈ ነበር። ሁሉም ሲወርድ አምባው በሕዝቡ መሃል ገፋ ገፋ እያለ ወጣና ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። አውቶቡሱ የተንቀሳቀሰው ባዶውን ማለት ይቻላል።